የጅረት ደለል ጨረራ ልኬት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ወገኖች። በስብሰባው ላይ «በጅረት ደለል ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ጨረራ እንለካ» ሲባል ሁሉም እጁን አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፅ የለም። ዝምታው ሲበዛብኝ የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሴ ጫር ጫር አደረግኩት። ባጭሩ፣ 40 የደለል ናሙና እንወስዳለን፤ ራዲየም-226፣ ቶሪየም-232 እና ፖታሲየም-40 እንለካለን፤ ከዚያ በቀመር ዶዙን (ሰው የሚቀበለውን የጨረራ መጠን)፣ ከዶዙ ደግሞ የካንሰር ስጋቱን እናሰላለን። ጊዜው አንድ ወር። ርዕሱ ለጊዜው «በጅረት ደለል ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ጨረራና የጤና አደጋው» ይላል። ሳትሳሱ ቁረጡት። የቆረጣችሁበትን ምክንያት ግን ጻፉልኝ፤ «አልጣመኝም» ብቻ የሚል አስተያየት አልቀበልም።

የላብራቶሪ ቡድን፦
አንድ ወር የሚለውን አይቼ ሳቅኩ። ይቅርታ፣ ግን ሳቅኩ። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ መነሻው ይስተካከል። ረቂቁ ሦስቱ ንጥረ ነገሮች ደለሉ ውስጥ «ከተገኙ» ይላል። ይገኛሉ እንጂ! የራዲየም-226 ምንጭ የሆነው የዩራኒየም-238 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ) 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የቶሪየም-232 14 ቢሊዮን፣ የፖታሲየም-40 ደግሞ 1.25 ቢሊዮን። ምድር ስትፈጠር ጀምሮ የነበሩ ናቸው፣ ገና አላለቁም። ራዲየም-226 ብቻውን ቢሆን በ1,600 ዓመት ግማሹ ያልቅ ነበር፤ ዩራኒየሙ እያለ ግን ሲተካ ይኖራል። ስለዚህ ማግኘታችን ወሬ አይሆንም። ወሬ የሚሆነው ምን ያህል፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ ለምን የሚለው ነው። ማነጻጸሪያ ካስፈለገ የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረራ ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2000 ሪፖርቱ ለአፈር ያስቀመጠው የዓለም መካከለኛ ዋጋ አለ፤ ራዲየም 35፣ ቶሪየም 30፣ ፖታሲየም 400 ቤከረል በኪሎግራም (ቤከረል በሰከንድ የሚፈርሱ አቶሞች ቁጥር ነው)። ይህ ማነጻጸሪያ ነው፣ ገደብ አይደለም። 41 አግኝቶ «ከዓለም መጠን በላይ» እያለ ሰው የሚያስደነግጥ ጽሑፍ ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ወደ አንዱ ወር። ራዲየም-226 ራሱ የሚለቀው የጋማ መስመር (የጨረሩ መለያ ኃይል) 186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። እዚያችው ቦታ ላይ ዩራኒየም-235ም ተደርቦ ይቀመጣል፤ ሁለቱን መለየት ራስ ምታት ነው። ስለዚህ የሚለካው እሱ ራሱ ሳይሆን ዘሮቹ (ሲፈርስ በተከታታይ የሚወለዱት) ናቸው፤ ሊድ-214 በ352፣ ቢስሙዝ-214 በ609 እና በ1764። ችግሩ በመሃል ሬዶን-222 አለ፣ ሬዶን ደግሞ ጋዝ ነው። ቀዳዳ ካገኘ ውልቅ ይላል። እሱ ከሄደ ልጆቹም አይወለዱም፣ እኛም ራዲየሙን አሳንሰን እንቆጥራለን። ለዚህ ነው ናሙናው ታሽጎ 4 ሳምንት የሚቀመጠው። የሬዶን ግማሽ ዕድሜ 3.8 ቀን ስለሆነ በ4 ሳምንት ከ99 ከመቶ በላይ ተሞልቶ ይስተካከላል።

አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ይኸው ነገር ጉድ አድርጎናል። ናሙናው 4 ሳምንት ተቀመጠ፣ ተቆጠረ፣ ሠንጠረዡ ተሞላ፣ ከዚያ ክዳኖቹ አየር እንደሚያሳልፉ ታወቀ። ሥራው እንደገና ከዜሮ። ስለዚህ የክዳኑ ነገር በፕሮፖዛሉ ውስጥ በስሙ ይጻፍ።

ሒሳቡን ተመልከቱ። 40 ናሙና እያንዳንዱ 24 ሰዓት ቢቆጠር በአንድ ዲቴክተር 40 ቀን ነው። ባዶ ዕቃው፣ ማመሳከሪያው እና ድግሞሹ ሲጨመር ወደ 50 ይጠጋል። ማድረቁና 4 ሳምንቱ ሲደመር ሦስት ወር በሉት። እሱም ምንም ካልተበላሸ።

የመስክ ቡድን፦
እህቴ ስለ ዕቃው ተናግራለች፣ እኔ ስለ ውስጡ ላውራ። «40 ናሙና ከጅረቱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእኔ ምንም አይለኝም። ደለል አንድ ነገር አይደለም። ጅረት ሲሮጥ ይመርጣል። ከባዱን እዚህ ይጥላል፣ ቀላሉን እዚያ ያሳርፋል። በአሸዋው ላይ አንዳንዴ የምታዩት ጥቁር መስመር ከባድ ማዕድን የተከማቸበት ነው፤ ዚርኮንና ሞናዛይት እዚያ ውስጥ ካሉ ቶሪየሙ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ንጹሕ ነጭ አሸዋ ብትዘግኑ ቁጥሩ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ውሃው በሚተኛበት ጥልቅ ቦታ ደግሞ ደቃቅ ሸክላ አለ፤ እሱም በገጹ ላይ የተለያየ ነገር ይለጥፋል። አንድ ጅረት፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ዓይነት መልስ።

ዩራኒየምና ቶሪየምም በአንድ መንገድ አይጓዙም። ዩራኒየም ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በተለይ ካርቦኔት ካገኘ ሩቅ ይሄዳል። ቶሪየም ግን መሟሟት አይወድም፤ የሚጓዘው ከቅንጣቱ ጋር ተንከባሎ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ንጽጽር ራሱ ወሬ ይነግረናል። በምድር ቅርፊት ውስጥ ቶሪየም በክብደት ከዩራኒየም 4 እጥፍ ገደማ ነው። ቶሪየሙ ባለበት ቆሞ የዩራኒየሙ ወገን ብቻውን ከፍ ካለ «ከላይ ምን እየገባ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ የፎስፌት ማዳበሪያ ዩራኒየም አለው። የማዕድን ጥራጊና የድንጋይ ከሰል አመድም እንዲሁ መፈተሽ አለባቸው።

ያቀረብኩት ይህ ነው። 20 ነጥብ እንምረጥ፤ ከገባር በላይና ከገባር በታች፣ የመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር፣ ደለሉ የሚተኛበት ጥልቅ ቦታ፣ እና የሰው እጅ ያልነካው የላይኛው ጫፍ እንደ መነሻ። እያንዳንዱን ነጥብ ሁለቴ እንጎብኘው፣ አንዴ ውሃው ሲጎድል አንዴ ከጎርፍ በኋላ። ያው 40 ናሙና ሆነ፣ ግን አሁን ትርጉም አለው። በየነጥቡ ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አምስት ቦታ ተዘግኖ ይቀላቀል።

ጥቁሩ መስመር ግን ይጨንቀኛል። ብንቀላቅለው ይጠፋል። እሱን ብቻ ብንወስድ ደግሞ ጅረቱን በሙሉ ጥቁር እናስመስላለን።

የላብራቶሪ ቡድን፦
ለብቻው ከረጢት ይግባና ለብቻው ይቆጠር። አማካዩ ውስጥ ግን አይግባ። ከ40ው ውጭ አምስት ስድስት ልዩ ናሙና ጨምሩልኝ፣ ቀኑን እኔ እችለዋለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ጥቁር አሸዋ ከባድ ነው። በተለመደ አፈር የተስተካከለ ዲቴክተር ለእሱ ትክክል አይመጣም፤ ናሙናው ራሱ ጋማውን ስለሚውጠው፣ በተለይ ዝቅተኛ ኃይል ያለውን፣ የመጠጋጋቱ ልዩነት መታረም አለበት።

የቀረውን በፍጥነት ልበል። ማድረቅ በ105 ዲግሪ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። ከዚያ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት። ውጤቱ የሚጻፈው በደረቅ ክብደት ነው፤ እርጥቡን የጻፈ ሰው ውሃ እየመዘነ ነው። ማመሳከሪያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚመጡት የዩራኒየም፣ የቶሪየምና የፖታሲየም ዱቄቶች ይበቁናል። ሁሉንም በሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር እንቁጠር፣ ለፖታሲየም 1460፣ ለራዲየም 1764፣ ለቶሪየም 2614 ላይ። አሥሩን ግን በጀርማኒየም ዲቴክተር እንደገና እናስቆጥር። ሶዲየም አዮዳይድ ጎረቤት መስመሮችን አደባልቆ ያያል፣ ጀርማኒየም ነጥሎ ያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ቶሎ ብናውቅ ይሻለናል።

የስሌት ቡድን፦
እኔ የመጣሁት ለመቁረጥ ነው። የካንሰር ስጋት የሚለው ምዕራፍ ይውጣ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። ምንም የተለየ ነገር የሌለውን፣ ከላይ የተጠቀሰውን የዓለም መካከለኛ አፈር ውሰዱ፤ 35፣ 30፣ 400። የዶዙ ቀመር ራዲየምን በ0.462፣ ቶሪየምን በ0.604፣ ፖታሲየምን በ0.0417 አባዝቶ መደመር ነው። 51 ናኖግሬይ በሰዓት ገደማ ይወጣል፤ ይህ አየሩ የሚውጠው ጨረራ ነው። ይህን ወደ ዓመት ስንወስደው የተለመደው መንገድ ሰው ከዓመቱ 20 ከመቶውን፣ ማለትም 1,752 ሰዓት፣ እዚያ አፈር ላይ ቆሞ ያሳልፋል ብሎ ማሰብ ነው። ከዚያ የአየሩን ወደ ሰው ዶዝ፣ ማለትም ወደ ሲቨርት፣ በሚለውጠው 0.7 ተባዝቶ 0.063 ሚሊሲቨርት ይመጣል። ከዚያ 70 ዓመት፣ ከዚያ በአንድ ሲቨርት 0.05 የካንሰር ስጋት፤ እንካችሁ፣ ከ10,000 ሰው 2 ሰው «በደለሉ ምክንያት» ካንሰር ይይዘዋል።

የትኛው ደለል? ይህ እኮ የትም ያለ አፈር ነው!

ደግሞ ጅረት መሃል በዓመት 1,752 ሰዓት የሚቆም ማነው? ለውሃ ወይም ለመሻገር የሚመጣ ሰው 100 ሰዓት ቢያሳልፍ ዶዙ 0.0036 ሚሊሲቨርት ነው። ከ17 እጥፍ በላይ ያንሳል። በሌላ በኩል አሸዋ የሚያወጣ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ለ250 ቀን ቢሠራ 2,000 ሰዓት ይሆናል፣ እሱ ከቀመሩም ይበልጣል። አንዱን ቁጥር ለሁሉም ስንሰጥ ሁለቱንም ዋሸናቸው። ቀመሩ አልተሳሳተም፣ ሰውየውን ሳንጠይቅ ነው የምንሞላው።

ነባር አባል፦
ልጄ፣ ሁሉም ትክክል ነው። ግን እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ስንት ጊዜ ገምግሜያለሁ፣ ስንት ጊዜም ተገምግሜያለሁ። ገምጋሚው የካንሰር ስጋት ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ሌሎቹ ጽሑፎች ሁሉ አላቸው። እኛ ካላስገባን «ጎዶሎ ነው» ይሉናል። አስገቡትና ከሥሩ ማብራሪያ ጻፉ፣ ምን ይጎዳል?

የጤና ቡድን፦
ጋሼ፣ ይጎዳል። ማብራሪያውን ማንም አያነበውም። ከሪፖርቱ ተገንጥሎ የሚሄደው «ከ10,000 ሁለት» የሚለው ብቻ ነው፣ ከዚያ ሰዉ ጅረቱን ይሸሻል። 0.05 የተባለው ቁጥር መሠረት ያለው ነው፤ ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን በ2007 ለጠቅላላው ሕዝብ በሲቨርት 5.5 ከመቶ ብሎታል። ነገር ግን ያው ኮሚሽን ይህ ለመከላከያ ዕቅድ እንጂ በጥቃቅን ዶዝ ስንት ሰው በካንሰር እንደሚሞት ለመቁጠር አይደለም ብሎ ጽፏል። እኛ የምናደርገው በትክክል ያን አታድርጉ የተባለውን ነው።

ጨረራው በጣም ከፍ ያለባቸው ቦታዎች እንኳ ነገሩን ቀላል አላደረጉትም። በሕንድ ኬራላ ባሕር ዳርቻ ሞናዛይት ያለበት አሸዋ አለ። በ2009 የወጣው የካሩናጋፓሊ ጥናት 70,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን በአማካይ ከ10 ዓመት በላይ ተከታትሎ ከመሬቱ ጋማ ጨረራ ጋር የሚሄድ የካንሰር ጭማሪ አላየም። ይህ «ጨረራ ምንም አያደርግም» ማለት አይደለም። ትንሽ ስጋትን ለማየት ብዙ ሰውና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ግን እነሱ ያላዩትን እኛ በ40 ከረጢት ደለል አየን ልንል ነው?

ጤናው ግን ሙሉ በሙሉ ይውጣ አልልም፣ እንዲያውም ይስፋ። ጥያቄው ደለሉ ወደ ሰው የሚደርሰው በየት በኩል ነው የሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቤት ነው። አሸዋው ለግንባታ የሚወጣ ከሆነ ሰው ከደለሉ ጋር የሚውለው 100 ሰዓት አይደለም፤ አብሮት ያድራል። ግድግዳው ጋማ ይሰጣል፣ ራዲየሙም ሬዶን ይለቃል፣ ሬዶኑ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሳንባ ካንሰር ውስጥ ከ3 እስከ 14 ከመቶ ያህሉን ከሬዶን ጋር ያያይዘዋል፤ ለቤት ያስቀመጠው ማመላከቻ 100 ቤከረል በሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አሸዋ የሚወጣባቸውን ነጥቦች እንለይ፣ በዚያ አሸዋ በተሠሩ ጥቂት ቤቶች ውስጥ የሬዶን መለኪያ ለሦስት ወር እንተው።

ሌላው ውሃው ነው። ከጅረቱ የሚጠጣ ሰው ካለ ደለሉን ለክቶ ስለ ውሃው መናገር አይቻልም፣ ውሃው ራሱ ይለካ። ዩራኒየም በውሃ ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያው ፍራቻ ጨረራው እንኳ አይደለም፣ ኩላሊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 30 ማይክሮግራም በሊትር ይላል።

አዲስ አባል፦
ሰላም፣ ገና ስለሆንኩ ጥያቄዬ ቢያስቅም ተቀበሉኝ። «ለሕዝብ የተፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው» ሲባል እሰማለሁ። የእኛ ናሙና ከዚያ ካለፈ ሕግ ተጥሷል ማለት ነው?

የጤና ቡድን፦
አያስቅም፣ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ያለ ስህተት ነው። 1 ሚሊሲቨርት የሰው ሥራ በሚጨምረው ላይ ነው፤ ከተቋም፣ ከማምረቻ፣ ከመሳሰለው። የተፈጥሮውን አይመለከትም። የተፈጥሮውን ብቻ ያው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2000 ሪፖርቱ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ብሎታል፣ ግማሹ ገደማ ከሬዶን። በሰውነትህ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ብቻ 0.17 ገደማ ይሰጥሃል። ስለዚህ ለጅረት ደለል 1 የሚለውን እንደ ቀይ መስመር አንጠቀም።

የስሌት ቡድን፦
አንድ ገደብ ግን ቦታውን ካወቅንለት ይሠራል። ሦስቱን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ራዲየም አቻ የሚባለው፤ ራዲየም፣ ሲደመር ቶሪየም በ1.43፣ ሲደመር ፖታሲየም በ0.077። ከ370 ቤከረል በኪሎግራም በታች ይሁን ይባላል። ይህ የመጣው ለግንባታ ዕቃ ነው። ለሚዋኝበት ልጅ ትርጉም የለውም፣ ለግንበኛ ግን አለው። ያው መካከለኛ አፈር 109 ያህል ይመጣል። አሸዋ በሚወጣባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ እናስላው።

ነባር አባል፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ገምጋሚው ከጠየቀ ግን መልሱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፣ እኔ የለሁበትም። አንድ ነገር ጨምሩልኝ። የተለካውን ሁሉ አትሙ፣ ዝቅተኛውንም፣ ዲቴክተሩ ያላየውንም። «አልታየም» ሲባል ዝቅተኛው የሚታይ መጠን ስንት እንደነበር አብሮ ይጻፍ። በእኔ ዘመን ያልታየውን ዜሮ ብለን አማካይ ውስጥ እንከት ነበር፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመስክ ቡድን፦
እኔም አንድ። ከረጢት ይዘን ጅረት ውስጥ ስንርመሰመስ ያየ ሰው «ጨረራ ተገኘ» ብሎ ወሬ መንዛቱ አይቀርም። ከመውጣታችን በፊት ለነዋሪው ምን እንደምንለካ፣ የምንፈልገው ነገር በየትኛውም አፈር ውስጥ እንዳለ እንንገር። ውጤቱንም መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ይሁኑ። ደግሞ አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ጥቁሩ መስመር ከጎርፍ በኋላ የት እንደሚተኛ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ ነጥቦቹን ስንመርጥ አብረውን ይሁኑ።

አስተባባሪ፦
በዚህ መሠረት ሁለተኛውን ረቂቅ እየጻፍኩ ነው። ርዕሱ «በጅረት ደለል ውስጥ ያሉ የተፈጥሮ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች፦ መጠን፣ ምንጭ እና ወደ ሰው የሚደርሱባቸው መንገዶች» ሆኗል። አደጋ የሚለው ቃል ወጥቷል። 20 ነጥብ፣ ሁለት ጉብኝት፣ ስድስት የጥቁር መስመር ናሙና ለብቻ፣ በየአሥሩ አንድ ድግሞሽ። አሥር ናሙና በጀርማኒየም ይደገማል። ዶዙ የሚሰላው በቀመሩ 20 ከመቶ ሳይሆን ለሦስት ዓይነት ሰው በየሰዓታቸው ነው፤ ለሚሻገር፣ ለሚጫወት ልጅ እና ለአሸዋ ሠራተኛ። ሰዓቱን ጠይቀን እንሞላለን። ቀመሩ ለልጅ የሚለወጥ ከሆነ የስሌት ቡድን ይንገረኝ። የካንሰር ሠንጠረዡ ቀርቷል። የቤት ሬዶንና የውሃ ዩራኒየም እንደ ሁለተኛ ምዕራፍ ገብተዋል፣ አሸዋ የሚወጣበት ወይም የሚጠጣበት ነጥብ ከተገኘ ብቻ። ጊዜው አምስት ወር፣ ሁለቱ ጉብኝቶች መሃል ያለው ክፍተት ሳይቆጠር።

የስሌት ቡድን፦
ለልጅ ይለወጣል። ከግሬይ ወደ ሲቨርት የሚወስደው 0.7 ለአዋቂ ነው። ለልጅ 0.8፣ ለሕፃን 0.9። ትንሽ ልዩነት ናት፣ ግን ልጆችን በስም ከጠራን በነሱ ቁጥር እናስላ።

አዲስ አባል፦
ነዋሪዎቹን በየሰዓታቸው የመጠየቁን ሥራ እኔ ልውሰድ? መጠይቁን አርቅቄ እልካለሁ።

አስተባባሪ፦
ያንተ ነው። አጭር ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

የላብራቶሪ ቡድን፦
ክዳኑን ረሳችሁት። ረቂቁን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት። «ናሙናዎች ይታሸጋሉ» ይላል እንጂ በምን እንደሆነ፣ ከመታሸጋቸው በፊት ማን እንደሚፈትሸው አይልም። ከመቁጠራችን በፊት አንድ ሁለት ዕቃ ራዲየሙ በሚታወቅ ዱቄት ሞልተን፣ አሽገን፣ የሬዶን ልጆቹ መጠን በ4 ሳምንት እንደሚገባው ወጥቶ እንደሆነ እንይ። ይህ ካልገባ ፊርማዬን አልሰጥም።

አስተባባሪ፦
ገባ። ገጽ 4፣ ሁለተኛው አንቀጽ።